ካልሲየም ኪኒን ከመግዛታችሁ በፊት፣ ከገዛችሁም በኋላ (ለድሬና ለሐረር ሰው)

አቦ ጉልበቷን ያመማት ካልሲየም፣ ወገቡን የያዘው ካልሲየም፣ ጥፍሯ ላይ ነጭ ነጥብ ያየችም ካልሲየም፣ ከዱባይ የሚመጣ ዘመድ ደሞ ሻንጣው ውስጥ ትልቅ ጠርሙስ ሳይዝ አይመጣም። እኔ ፋርማሲ ባንኮኒ ጀርባ ነው የምውለው፣ በብዛት የምጠየቀው "የቱ ብራንድ ይሻላል?" የሚለው ነው፣ እሱ ግን መጨረሻ ላይ የሚመጣ ጥያቄ ነው። መጀመሪያ መታወቅ ያለበት ከምትበሉት ምግብ ስንት እያገኛችሁ እንደሆነና ስንት እንደጎደላችሁ ነው፣ ኪኒኑ የጎደለውን ብቻ ለመሙላት ነው የተሰራው። ሳይቆጥር የሚገዛ ሰው ወይ በማያስፈልገው ነገር ብር ይጨርሳል ወይ ደሞ በእርግጥ ጎድሎት የሚወስደው መጠን የትም አይደርስለትም።

ስለዚ በቁጥሩ እንጀምር። ከ19 እስከ 50 ዓመት ያለ ሰው በቀን 1000 ሚሊግራም ካልሲየም ይበቃዋል። ሴቶች 51 ሲሞላቸው፣ ወንዶች ደሞ ከ70 በላይ ሲሆኑ 1200 ይሆናል። ከ9 እስከ 18 ያሉ ልጆች ናቸው ከሁሉም የሚበልጠው፣ 1300፣ ምክንያቱም አጥንት የሚገነባው ያኔ ነው፣ እስከ ሀያዎቹ መጨረሻ አካባቢ ያጠራቀማችሁትን ነው ቀሪ ዕድሜያችሁን የምትበሉት። ይሄ ቁጥር ከምግብም ከኪኒንም ተደምሮ ነው፣ ብዙ ሰው 1000 ሲባል 1000 ኪኒን ውስጥ መኖር አለበት ብሎ ነው የሚረዳው፣ አይደለም።

አሁን የምትበሉትን እንቁጠር። አንድ ብርጭቆ የላም ወተት ወደ 300 ሚሊግራም ይሰጣል። የግመል ወተትም ከዚህ ብዙ አይርቅም፣ ሱማሌ እናቶች የሚሸጡት ያ ጭስ ጭስ የሚለው ወተት ማለት ነው፣ ለእኛ አካባቢ ሰው እንደዚ በቅርብ የሚገኝ የካልሲየም ምንጭ የለም ብል ማጋነን አይመስለኝም። ግን አፍሉት። ጥሬ ወተት ብሩሴላ የሚባለውን ከከብት ወደ ሰው የሚተላለፍ በሽታ ያመጣል፣ ማፍላት ደሞ ካልሲየሙን አያጠፋውም፣ "ሲፈላ ጥቅሙ ይሄዳል" የምትል ጎረቤት ካለች በዚህ ጉዳይ አትስሟት። እርጎም ያው ነው፣ ወተት ሆዱን የሚነፋው ሰው እርጎ ብዙ ጊዜ ይቀለዋል። ወተት በደንብ የገባበት ሆጃም ይቆጠራል፣ ሻይ ላይ ጠብ የተደረገች ወተት ግን አትቆጠርም።

ጤፍ ጥሩ ነው፣ 100 ግራም ዱቄት 180 ሚሊግራም አካባቢ አለው፣ ሊጡ መቡካቱ ደሞ ካልሲየሙን አስሮ የሚይዘውን ነገር ስለሚቀንሰው ይጠቅማል። ግን እዚህ እኛ ጋ እንጀራው ስንቱ ቤት ነው ንጹህ ጤፍ የሆነው? ማሽላ ከሆነ ወይ ሩዝ ከተቀላቀለበት ቁጥሩ በጣም ይወርዳል፣ ማሽላ ውስጥ ያለው ካልሲየም ከጤፍ ጋር አይወዳደርም። ፈቲራ፣ ፓስታ፣ ሩዝ፣ ሰምቡሳ፣ እነዚህ ሁሉ ለሆድ እንጂ ለአጥንት የሚያዋጡት ትንሽ ነው። ሀበሻ ጎመን በጣም ጥሩ ነው፣ ሰውነት በደንብ ነው የሚቀበለው። ቆስጣ ግን ያታልላል፣ ካልሲየም አለው ነገር ግን ውስጡ ያለው ኦክሳሌት አስሮ ስለሚይዘው አብዛኛው ሳትጠቀሙበት ያልፋል፣ ሁለቱ አረንጓዴ ስለሆኑ አንድ ናቸው ብላችሁ እንዳትቆጥሩ። ሰሊጥ ከነገለባው በካልሲየም የታወቀ ነው፣ ሽፈራውም እንደዛው፣ ከነአጥንቱ የሚበላ የቆርቆሮ ሰርዲንም እንዲሁ። የአጥንት መረቅ ግን፣ ይቅርታ አድርጉልኝ፣ አጥንት ስለተቀቀለበት አጥንት ይሰራል ማለት አይደለም፣ ውስጡ ያለው ካልሲየም እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ለጉንፋን ጠጡት፣ ደስ ይላል።

የድሬ ሰው ደሞ አንድ የሚረሳው ነገር ውሃው ነው። የቧንቧ ውሃችን ጠንካራ ነው፣ ማንቆርቆሪያው ውስጥ ግርግዳው ላይ እየተጋገረ በቢላ ካልተፋቀ የማይለቀው ነጭ ነገር በብዛቱ ካልሲየም ካርቦኔት ነው፣ ማለትም ፋርማሲ ገብታችሁ በብር የምትገዙት ዋናው የካልሲየም ዓይነት። ውሃው ብቻውን ይበቃል እያልኩ አይደለም፣ ግን በሙቀት ብዙ ውሃ የሚጠጣ ሰው ከዚህም የተወሰነ ያገኛል።

ምሳሌ ልስጣችሁ። 58 ዓመት የሆናት እናት ናት እንበል፣ ጠዋት አንድ ብርጭቆ ወተት ትጠጣለች፣ 300። በቀን የምትበላው የጤፍ እንጀራ 200 ያህል ይሰጣታል። ማታ ጎመን ከበላች ሌላ 100 ጨምሩ። ሽሮው፣ ምስሩ፣ ውሃው ምናምን ተደምሮ 100 እንበለው። በአጠቃላይ 700። የሚያስፈልጋት 1200 ነው፣ የጎደላት 500፣ ስለዚ በቀን አንድ ባለ 500 ኪኒን በቂዋ ነው ማለት ነው፣ ሁለት ሶስት መዋጥ አያስፈልጋትም። በቀን ሁለት ብርጭቆ ወተትና እርጎ የሚጠጣ የ30 ዓመት ጎረምሳ ደሞ ምንም አይጎድለውም፣ ብሩን ለሌላ ነገር ያውለው።

ከጎደላችሁ ቀጣዩ ነገር ማሸጊያውን ማንበብ ነው፣ ሰው የሚሸወደው እዚህ ጋ ነው። ኪኒን ውስጥ ካልሲየም ብቻውን አይመጣም፣ ከሌላ ነገር ጋር ተጣብቆ ነው የሚመጣው። ካልሲየም ካርቦኔት ከሆነ ከክብደቱ 40 በመቶው ብቻ ነው እውነተኛው ካልሲየም፣ ሲትሬት ከሆነ 21 በመቶ፣ ላክቴት 13 በመቶ፣ ግሉኮኔት 9 በመቶ ገደማ። ስለዚ ፓኬቱ ላይ "ካልሲየም ካርቦኔት 1250 ሚ.ግ" የሚል ካያችሁ ውስጡ 500 ነው ያለው። "ካልሲየም ካርቦኔት 500" ካለ ደሞ 200 ብቻ። "ካልሲየም ላክቴት 300" የሚል ኪኒን 40 እንኳን አይሞላም፣ አንድ ጉንጭ ወተት ብትጠጡ ይሻላችኋል። አንዳንድ ጠርሙስ ላይ ደሞ ፊት ለፊት በትልቁ 1200 ተብሎ ይጻፍና ጀርባው ላይ በጥቃቅን ፊደል "በሁለት ፍሬ" ወይ "በሶስት ፍሬ" ይላል። ጠርሙሱን አዙራችሁ ጀርባውን አንብቡ፣ ጽሑፉ ካነሰባችሁ ወይ ቋንቋው ካልገባችሁ ባለሙያውን "ንጹህ ካልሲየሙ በአንድ ፍሬ ስንት ነው?" ብላችሁ ጠይቁ። ይሄን ከጠየቃችሁ የብራንዱ ነገር ብዙም አያጨናንቃችሁም፣ ርካሹም ውዱም ውስጣቸው ካርቦኔት ከሆነ ያው ካርቦኔት ነው።

ካርቦኔት ወይስ ሲትሬት? ካርቦኔት ርካሽ ነው፣ በብዛት ይገኛል፣ ግን እንዲሟሟ የጨጓራ አሲድ ስለሚፈልግ ከምግብ ጋር ነው የሚወሰደው። ሲትሬት በባዶ ሆድም ይሰራል። ይሄ ለምን አሳሳቢ ሆነ ካላችሁ፣ ከተማችን ውስጥ ጨጓራ የሌለበት ሰው ፈልጉልኝ እስቲ፣ ግማሹ ሰው ኦሜፕራዞል ይውጣል፣ ኦሜፕራዞል ደሞ አሲዱን ስለሚቀንስ ካርቦኔቱ በተለይ በባዶ ሆድ ከሆነ በደንብ አይገባም። ኦሜፕራዞል ለረጅም ጊዜ የምትወስዱ ከሆነ ሲትሬት ካለ ሲትሬት ውሰዱ፣ ከሌለ ካርቦኔቱን ከምግብ ጋር፣ ለሐኪማችሁም ንገሩት። ውሃ ውስጥ ሲገባ የሚፈላው ዓይነት ደሞ ለመጠጣት ደስ ይላል ግን ብዙ ጊዜ ውስጡ ሶድየም ስላለ ደም ግፊት ያለበት ሰው ባይለምደው ይመረጣል።

አወሳሰዱ፦ ሰውነታችን በአንዴ በደንብ የሚቀበለው እስከ 500 ሚሊግራም ገደማ ነው። 1000 የታዘዘለት ሰው ሁለቱን አንድ ላይ ዋጥ አድርጎ ከሚገላገል አንዱን ቁርስ ላይ አንዱን እራት ላይ ቢያደርገው ይሻላል። ውሃ ጠጡበት። ካርቦኔት ሆድ ያደርቃል፣ ይነፋል፣ ጫት ደሞ ራሱን ችሎ ሆድ ያደርቃል፣ ምግብም ይዘጋል፣ ስለዚ የሚቅም ሰው ኪኒኑን ምሳ በደንብ በልቶበት ከበርጫ በፊት ይውሰደው፣ ማታ ምግብ አልበላ ሲለው በባዶ ሆድ ከሚውጠው። የሚቅም ሰው እኮ ዋናው ችግሩ ሌላ ነው፣ እራቱን ስለሚዘል የሚበላው ራሱ ያንሳል፣ የጎደለውን ከመቁጠሩ በፊት እራቱን ቢመልስ ግማሹ ችግር ይፈታ ነበር።

ረመዳን ላይ ለሁለት የሚከፈል ኪኒን አንዱ ከፉጡር ምግብ ጋር አንዱ ሱሁር ላይ፣ ሌላ ጣጣ የለውም። የሁዳዴ ጾም ላይ ደሞ ወተቱ 55 ቀን ስለሚቀር ከላይ ያደረግነው ሂሳብ ይቀየራል፣ ጎመን፣ ሰሊጥ፣ ተልባ፣ ንጹህ የጤፍ እንጀራ ጨምሩ፣ ሙሉ ለሙሉ መሙላት ካልተቻለ በተለይ ዕድሜያቸው የገፋ እናቶች ለጾሙ ጊዜ ኪኒን ቢወስዱ ተገቢ ነው። ኪኒን ሲሆን ከጄላቲን የተሰራ ካፕሱል ነው ወይስ ጠጣሩ ዓይነት የሚለውን ለሚጠነቀቅ ሰው፣ አብዛኛው ካልሲየም ጠጣር ፍሬ ነው፣ ለስላሳ የሚያብረቀርቀው የቫይታሚን ዲ ካፕሱል ነው ብዙ ጊዜ ጄላቲን ያለው።

አሁን ሰው በጣም ችላ የሚለው ጉዳይ ላይ ልምጣ፣ ከሌላ መድኃኒት ጋር ማጋጨት። ካልሲየም አንዳንድ መድኃኒቶችን ሆድ ውስጥ አስሮ ወደ ደም እንዳይገቡ ያደርጋል። የእንቅርት መድኃኒት የሆነው ሌቮታይሮክሲን ከካልሲየም ቢያንስ 4 ሰዓት ይራቅ። ሲፕሮፍሎክሳሲን ከሆነ ካልሲየሙን ከመውሰዳችሁ 2 ሰዓት በፊት ወይ 6 ሰዓት በኋላ፣ ዶክሲሳይክሊንና ቴትራሳይክሊንም እንደዚሁ አብረው አይወሰዱም። "ሲፕሮ በላሁ አልሻለኝም" የሚል ሰው ሲመጣ እኔ መጀመሪያ የምጠይቀው ካልሲየም፣ አይረን ወይ የጨጓራ ሽሮፕ አብሮ ወስዶ እንደሆነ ነው። የኤችአይቪ መድኃኒት ውስጥ ያለው ዶሉቴግራቪርም ይነካል፣ ወይ ከምግብ ጋር አንድ ላይ ይወሰዳሉ ወይ መድኃኒቱ ከካልሲየሙ 2 ሰዓት ቀድሞ አለያም 6 ሰዓት ቆይቶ ይወሰዳል፣ በባዶ ሆድ አንድ ላይ ግን በፍጹም። የደም ማነስ ኪኒን የሆነው አይረንም ከካልሲየም ጋር ይሻማል፣ ቢያንስ 2 ሰዓት አራርቋቸው።

ለምሳሌ የእንቅርት መድኃኒትም አይረንም ካልሲየምም ያላት ሴት እንዲህ ታድርገው፦ ጠዋት 12 ሰዓት የእንቅርቱን በውሃ ብቻ በባዶ ሆድ፣ ምሳ 6 ሰዓት ተኩል ላይ ካልሲየም ከምግብ ጋር፣ አይረኑን ደሞ ማታ ስትተኛ። አይረኑን በሻይ አይደለም፣ በውሃ። ስልክ ላይ አላርም ሙሉ፣ ወይ ሰዓቱን ፓኬቶቹ ላይ በእስክሪብቶ ጻፉት፣ በቃል የተነገረውማ ቤት እስኪደረስ ይረሳል።

እርጉዝ ለሆናችሁ። ከምግባቸው በቂ ካልሲየም ለማያገኙ እርጉዞች የዓለም ጤና ድርጅት በቀን ከ1.5 እስከ 2 ግራም ንጹህ ካልሲየም ይመክራል፣ የሚመከረው ለአጥንት ብቻ አይደለም፣ ከእርግዝና ጋር የሚመጣውን አደገኛ የደም ግፊት ለመቀነስ ነው። መጠኑ ብዙ ስለሆነ ለሶስት ተከፍሎ ቁርስ ምሳ እራት ላይ ይወሰዳል፣ አይረንና ፎሊክ አሲዱ ለብቻው። ይሄን ግን ክትትል ከምታደርጉበት ጤና ጣቢያ ወይ ሆስፒታል ነው የምትጀምሩት፣ እህቴ ስትወስድ አይቻለሁ ተብሎ አይጀመርም።

ካልሲየም ብቻውን ሄዶ አጥንት ውስጥ አይገባም፣ ቫይታሚን ዲ ያስፈልገዋል። እስከ 70 ዓመት በቀን 600 ዩኒት፣ ከዛ በላይ 800። "ድሬ ላይ ሆኖ ፀሐይ ያጠረው ማነው?" ትሉኛላችሁ፣ አለ እኮ። ፀሐዩ ሲያቃጥል ሁላችንም ጥላ ነው የምንፈልገው፣ የተሸፈነ ቆዳ ቫይታሚን ዲ አይሰራም፣ ከቤት የማይወጡ አረጋውያን አሉ፣ ቢሮና ሱቅ ውስጥ የሚውለው አለ፣ በመስታወት የሚገባ ፀሐይ ደሞ አይቆጠርም። ሐረር ጀጎል ውስጥ ያላችሁ ዕድለኞች ናችሁ፣ ግቢው ውስጥ ማንም በማያያችሁ ቦታ እጅና እግርን ገለጥ አድርጎ ፀሐይ ላይ ቁጭ ማለት ይቻላል። ጨቅላ ልጆችንም ሙቀቱ ሳይበረታ ፀሐይ አሙቋቸው፣ የልጆች እግር መወላገድ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ቫይታሚን ዲ ሲያጥር ነው፣ ጠቅልሎ ማስቀመጥ ከቡዳ ያድን እንደሆን እንጂ አጥንቱን አይጠቅመውም። ለኪኒን ከሆነ ዲ3 አብሮት ያለውን ካልሲየም ፈልጉ።

ማን ነው በደንብ የሚያስፈልገው? ወር አበባቸው የቆመ ሴቶች፣ ምክንያቱም ከቆመ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ዓመታት አጥንት በፍጥነት ይሳሳል። ወተት የማይነኩ፣ ምግባቸው ያነሰባቸው አረጋውያን። ፕሬድኒሶሎን ወይ ዴክሳሜታሶን ለወራት የሚወስዱ፣ ለአስም ይሁን ለሌላ፣ ይሄ መድኃኒት አጥንት ይበላል። ለመወፈር ብለው ዴክሳ የሚውጡ ልጆች አሉ፣ እናንተን ካልሲየም አያድናችሁም፣ ግን በራሳችሁ በአንዴም አታቋርጡት፣ ለረጅም ጊዜ የተወሰደ ድንገት ሲቆም ለሕይወትም ያሰጋል፣ ሐኪም ቀስ እያደረገ ያስቁማችሁ።

ጤነኛ ለሆነ፣ ደህና ለሚበላ ሰው ግን "ለማንኛውም" ብሎ መዋጥ ብዙ አይጠቅምም። አሜሪካ ውስጥ ከ36 ሺህ በላይ ሴቶች ላይ በተሰራና በ2006 ውጤቱ በወጣ ትልቅ ጥናት፣ ካልሲየምና ቫይታሚን ዲ የወሰዱት የዳሌ አጥንት ጥንካሬያቸው በትንሹ ቢሻሻልም የዳሌ ስብራታቸው በአጠቃላይ ሲታይ በግልጽ አልቀነሰም፣ የኩላሊት ጠጠር ደሞ በ17 በመቶ ጨመረ። ከምግብ የሚገኘው ካልሲየም ግን ጠጠርን ሲያበዛ አልታየም፣ እንደውም ይቀንሳል። ይሄ ለእኛ ከማንም በላይ ይመለከተናል፣ ድሬ ላይ ሰው ላቡ እየወረደ ውሃ ሳይጠጣ ይውላል፣ ሽንቱ ይወፍራል፣ ጠጠሩ የሚሰራው ያኔ ነው። ኪኒን የምትወስዱ ከሆነ ሽንታችሁ ፈዘዝ ያለ ቢጫ እስኪሆን ውሃ ጠጡ፣ ለስላሳ አይደለም ያልኩት።

ከዚህ በፊት ጠጠር የነበረበት፣ ኩላሊቱ የደከመ፣ የፓራታይሮይድ ዕጢ ችግር ያለበት፣ ለልብ ዲጎክሲን ወይ ለደም ግፊት ሃይድሮክሎሮታያዛይድ የሚወስድ ሰው ሐኪም ሳያማክር አይጀምር። ከምግብም ከኪኒንም ተደምሮ ከ19 እስከ 50 ዓመት 2500፣ ከዛ በላይ 2000 ሚሊግራም አይታለፍም። ኪኒን እየወሰዳችሁ ጥማት የማይቆርጥ፣ ሽንት የሚበዛ፣ ማቅለሽለሽ፣ ድካምና ግራ መጋባት ከመጣ አቁሙና ምርመራ ሂዱ።

ስለ ምርመራ ካነሳን፣ "ደሜ ውስጥ ካልሲየም ኖርማል ነው ተባልኩ" ማለት አጥንቴ ደህና ነው ማለት አይደለም። 99 በመቶ የሚሆነው ካልሲየም ያለው አጥንትና ጥርስ ውስጥ ነው፣ ደም ውስጥ ያለችው ትንሿ ለልብ፣ ለጡንቻና ለነርቭ ስለምታስፈልግ ሰውነት ከአጥንት እየወሰደም ቢሆን ደሙን ሙሉ ያደርገዋል። የአጥንት ጥንካሬ የሚለካው ዴክሳ በሚባል ራጅ ነው፣ ከላይ ካነሳሁት ኪኒን ጋር ስሙ ተመሳሰለ እንጂ አይገናኙም። ሲቆሙ ሲቀመጡ ቀጭ ቀጭ የሚል ጉልበት፣ ደረጃ ሲወጡ የሚያም ጉልበት፣ ብዙ ጊዜ የመገጣጠሚያ መበላት ነው፣ ካልሲየም ቢዋጥ አይመልሰውም። ነጭ ነጥብ ያለው ጥፍርም ብዙውን ጊዜ ተመትቶ ነው። "ለጉልበት" ተብሎ በደም ስር የሚሰጥ የካልሲየም መርፌማ ጭራሽ አትንኩት፣ እሱ ልብ ላይ የሚሰራ የድንገተኛ ክፍል መድኃኒት ነው።

ከኪኒኑ ጎን ሁለት ነገር ጨምሩ፣ ጨው ቀንሱ፣ ጨው ካልሲየምን በሽንት ይዞት ይወጣል፣ እና ተራመዱ። ከከዚራ እስከ መጋላ ለመሄድ ባጃጅ መጥራት ልማድ ሆኗል፣ አጥንት ግን ክብደት ካልተሸከመ አይጠነክርም፣ ረፋዱ ሳይሞቅ ወይ አመሻሽ ላይ በእግር ሂዱ። ቡናው ላይ አልፈርድም፣ የሚወስደው ካልሲየም ትንሽ ስለሆነ ትንሽ ወተት ይተካዋል። አረጋውያን ያሉበት ቤት ማታ ወደ ሽንት ቤት የሚወስደው መንገድ ላይ መብራት አድርጉ፣ ምንጣፉን አስተካክሉ፣ የዳሌ ስብራት ብዙውን ጊዜ በመውደቅ ነው የሚመጣው።

አቀማመጥ፦ ድሬ ላይ ግንቦትና ሰኔ ቤት ውስጥም ይፈጃል፣ ኪኒኑን ቲቪ ላይ፣ መስኮት አጠገብ፣ ባጃጅ ኪስ ውስጥ አታስቀምጡ። የቫይታሚን ዲ ለስላሳ ካፕሱሎች ከሞቁ እርስ በርስ ይጣበቃሉ፣ የሚፈላው ዓይነት ደሞ ክዳኑ በደንብ ካልተገጠመ እርጥበት ስቦ ይበላሻል። መንገድ ላይ ፀሐይ ሲመታው የዋለ ጠርሙስ አትግዙ፣ የሚያበቃበት ቀን ያልተጻፈበትን ወይ ተፍቆ ሌላ የተለጠፈበትን ዘመድ ቢያመጣውም ጣሉት።